የውሻ ፍቅርና የማግኔቱ ምስክርነት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን ስለ ውሻ የተነገረ ይምሰል እንጂ ዒላማው ሰው ነው። ለጥቅሙ ያደረን፣ ለጎረሰበት ቤት ጥብቅና የሚቆምን ሰው ለመንቀፍ ስንሻ ውሻን በምስክርነት እንጠራለን። ሆኖም ተረቱ ሳይጠየቅ የሚያልፍ አንድ ፍርድ ይዟል፤ ውሻ የሚወደው የጌታውን እጅ ሳይሆን በእጁ የያዘውን ነው የሚል ፍርድ። አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ግሪጎሪ በርንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው «ውሾች እንዴት ይወዱናል» በተሰኘው መጽሐፉ ይግባኝ የሚለው በዚሁ ፍርድ ላይ ነው። ተረታችንን ይወቀው አይወቀው ጥያቄው አንድ ነው። ውሻዬ የሚወደው እኔን ነው ወይስ ምግቤን?

በርንስ አትላንታ ከተማ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የሰውን አንጎል በኤም አር አይ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦሳማ ቢን ላደንን የገደሉት የአሜሪካ ወታደሮች ከእነርሱ ጋር ውሻ አሰልፈው እንደነበር ሲሰማ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል። የሄሊኮፕተር ጩኸት የለመደ ውሻ የኤም አር አይን ጩኸት እንዴት አይለምድም? ለሙከራው ያጫት ደግሞ የሌላ ሰው ውሻ ሳትሆን ቤተሰቡ ከውሾች መጠለያ አምጥቶ የሚያሳድጋትን ካሊ የተባለች ቀጭን ጥቁር ውሻ ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። መሣሪያው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ተከትሎ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሠራ የሚጠቁም ግዙፍ ማግኔት ነው። ተመርማሪው ጭንቅላቱን ጥቂት ሚሊሜትር ካነቃነቀ ምስሉ ይበላሻል። ጩኸቱም ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ቀደም ሲል እንስሳ ወደዚህ ማሽን ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ በማደንዘዣ ተኝቶ ወይም ተጠፍሮ ነበር፤ በማደንዘዣ የተኛ አንጎል ደግሞ ስለ ፍቅር አይመሰክርም። ስለዚህ በርንስ ከውሻ አሠልጣኙ ከማርክ ስፒቫክ ጋር ሆኖ የማሽኑን አምሳያ ሠራ። ድምፁን ቀድቶ በትንሽ በትንሹ እያሰማ፣ የጆሮ መከለያ እያለማመደ፣ ካሊ አገጯን በመደገፊያው ላይ አሳርፋ ሳትንቀሳቀስ እንድትቆይ አስተማራት። ይህ ወራት ፈጀ። የካሊና መኬንዚ የተባለች የሌላ ውሻ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። አንዱ የእጅ ምልክት ቋሊማ ይመጣል ማለት ነው፤ ሌላው ምንም የለም ማለት ነው። የቋሊማው ምልክት ሲታይ ኮዴት የሚባለው የአንጎል ክፍል ነቃ።

መጽሐፉ በእኔ ግምት ከፍ ብሎ የሚታየው ስለ ኮዴት ሲያወራ ሳይሆን ስለ ፈቃድ ሲያወራ ነው። በርንስ ለሙከራው ያዘጋጀው የስምምነት ቅጽ ለሕፃናት ምርምር በሚውለው ቅጽ አምሳያ የተቀረጸ ነው። ባለቤቱ ስለ ውሻው ይፈርማል። ውሻው ግን አይታሰርም፣ አይደነዝዝም፤ በፈለገ ጊዜ ከማሽኑ ወጥቶ መሄድ ይችላል። ከዚያም ሌሎች ባለቤቶች ውሾቻቸውን ይዘው በበጎ ፈቃድ መጡ።

ለመሆኑ በጎ ፈቃዱ የማን ነው? የባለቤቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ለወራት በቋሊማና በሙገሳ የተሠራ ፈቃደኝነት የውሻው ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ። ሕፃን አድጎ «በእኔ ላይ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ውሻ አይጠይቅም። ሆኖም አንድ ነገር መካድ አይቻልም። ውሻ «እሺ» ማለቱን ማረጋገጥ ቢያስቸግርም «እንቢ» ማለቱን ማየት አያስቸግርም። ተነሥቶ ይወጣል። በርንስ የከፈተው በር ይህ ነው። እንስሳን እንደ ዕቃ አጥብቆ ማሰር በተለመደበት ሙያ ውስጥ እንቢታን ማክበር ትልቅ ነገር ነው።

ደራሲው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ፍቅር ሲሻገር ግን ድልድዩ ይሳሳበታል። ክርክሩ እንዲህ ነው። በሰው ላይ ኮዴት የሚነቃው ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲጠበቅ ነው፤ የውሻውም ኮዴት ነቃ፤ እንግዲያውስ ውሻው እንደ እኛ ይሰማዋል። እንዲህ ያለው ሙግት ከምልክቱ ወደ ስሜቱ የኋሊት መሄድ ነው። ኮዴት ለምግብም፣ ለገንዘብም፣ ለሙዚቃም ይነቃል። ጭስ ስላየን ብቻ የተጣደው ዶሮ ወጥ ነው እንደማለት ነው። ማሽኑም ቢሆን ካልተጠነቀቁለት ይቀልዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ በማሽኑ አስገብተው የሰዎች ፎቶግራፍ «አሳዩት»፤ ስሌቱ በደንብ ሳይታረም ሲቀር የሞተው ዓሣ አንጎል የነቃ መሰለ። ውሾቹ ሞተዋል ማለቴ አይደለም፤ በምስሉ ላይ የሚታየው ቀለም በራሱ ቃል የለውም ማለቴ ነው።

ለደራሲው ፍትሐዊ ለመሆን ከመጽሐፉ በኋላ የመጣውንም ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የእርሱ ቡድን 15 ውሾችን አጥንቶ ምግብንና የባለቤትን ሙገሳ አወዳደረ። የ13ቱ ኮዴት ለሙገሳ የነቃው ለምግብ የነቃውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ውስጥ አቲላ አንዲክስና ባልደረቦቹ 13 ውሾችን አጥንተው፣ የውሻ አንጎል የደስታ ክፍል ጎልቶ የሚነቃው የሙገሳው ቃልና የሙገሳው ዜማ ሲገጥሙ መሆኑን አሳዩ። በባዶ ዜማ የተነገረ ሙገሳ አያታልለውም። ተረታችን እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልረታም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የኤመሪው ጥናት ሦስተኛ ክፍል ነው። ውሾቹን ከማሽኑ ውጪ መንታ መንገድ ላይ አቆሟቸው። በአንዱ ጫፍ ምግብ አለ፤ በሌላው ባለቤታቸው ተቀምጧል። አንጎላቸው ለሙገሳ ያደላው ውሾች ደጋግመው ወደ ባለቤታቸው ሄዱ። እዚህ ላይ ማግኔቱ ብቻውን አልመሰከረም፤ የውሻው እግር አብሮ መሰከረለት።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መዘዝ አለው። በርንስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ ውሾች እንደ ንብረት ሳይሆን እንደ ሰው የመቆጠር መብት ሊያገኙ ይገባል ብሎ ተከራክሯል፤ መነሻው ኮዴት ነው። ዓላማውን አልነቅፍም፤ መሠረቱን ግን እፈራዋለሁ። ርኅራኄ በማሽን ምስክርነት የሚታደል ከሆነ አገጩን አሳርፎ መተኛት የማይችለው፣ አሠልጣኝ ያልተቀጠረለት የመንገድ ውሻስ ምን ይሁን? ወደ ማሽኑ የገቡት የተረጋጉ፣ የተመረጡ፣ ባለቤታቸው ጊዜና ትዕግሥት ያለው ውሾች ናቸው። ፈሪው፣ ቁጡው፣ ቤት አልባው ምስል የለውም። ምስል የለውም ማለት ግን ስሜት የለውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፉን ማንም እንዲያነበው እመክራለሁ። በቋንቋው ቀላልነት፣ ካሊን ባሠለጠነበት ታሪክ፣ ሳይንስ በሙከራና በስሕተት እንዴት እንደሚሠራ በሚያሳይበት ግልጽነት አንባቢን አያሰለችም። በርዕሱ የገባውን ቃል ግን አልፈጸመም። ውሾች እንዴት እንደሚወዱን አላስረዳንም። ያስተማረን ሌላ ነገር ነው፤ በሩን ክፍት ብንተውለት ውሻ መሄድም መቅረትም እንደሚችል። መብት የሚገባው ለምን እንደሆነ ከተጠየቀ እኔ ኮዴቱን ሳይሆን ያንን ክፍት በር እጠቅሳለሁ።