የሩማቲክ በሽታዎች ጥናትና የላምበረት መንገደኞች

በአማርኛ «ቁርጥማት» እና «ሪህ» የሚባሉት ቃላት ሐኪም ለየብቻ የሚያያቸውን ብዙ በሽታዎች በአንድነት ይይዛሉ። ጉልበቱ ያረጀበት አዛውንት፣ ዩሪክ አሲድ የእግር ጣቱን ያሳበጠው ነጋዴ፣ የእጇ መገጣጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሏት ወጣት እናት፣ የጉሮሮ ሕመም ከተወው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚያብጥ ልጅ፣ ሁሉም «ቁርጥማት አለባቸው» ይባላል። ብርድ ገብቷቸው ነው ተብሎ ወደ ፍልውሃ ወይም ወደ ጠበል ይወሰዳሉ። ሕዝቡ በዚህ አይወቀስም። ወቀሳ ካለ የሚገባው፣ በሽታዎቹን ለይቶ ማሳየት ሥራው ለሆነው የሕክምና ጥናት ነው። ጥናቱ ከነዚህ ሁሉ መካከል ትኩረቱን ከሞላ ጎደል በአንዱ ላይ አድርጓል፤ በዚያም ቢሆን የታመሙትን መቁጠር እንጂ የታመሙትን መከተል ዋና ሥራው አላደረገም።

ትኩረቱን ያገኘው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ማግኘቱም ተገቢ ነው። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ሲያጠቃ፣ የሰውነት የመከላከል ኃይል ባክቴሪያውን ለመምታት የሚያዘጋጀው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ የልጁን መገጣጠሚያና ልብም አብሮ ይመታል። መገጣጠሚያው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። የልብ በሮች (ቫልቮች) ግን ጉሮሮው በተመረዘ ቁጥር ጠባሳ እየጨመሩ ይጠብባሉ፣ ወይም አልገጥም ብለው ደም ወደኋላ ያፈሳሉ። የሰውነት መከላከያ ራሱን አካሉን ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች መካከል መነሻው በዚህ ልክ የታወቀ፣ በርካሽ መድኃኒትም ሊገታ የሚችል ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ዘርፍ በኢትዮጵያ የተሠሩትን ጥናቶች አከታትሎ የሚያነብ ሰው እያደገ የሚሄድ የሚመስል ቁጥር ያገኛል። በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ከሺህ ተማሪዎች 6 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና የኬፕታውንንና የጅማን ተማሪዎች ያነጻጸረው ጥናት በኬፕታውን ከሺህ 20፣ በጅማ ከሺህ 30 ገደማ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት፣ በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከ3 ሺህ 200 በላይ ተማሪዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት ከሺህ 19 አለ። ቁጥሮቹን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ በሽታው በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ጨመረ ማለት ቀላል ነው።

እንዲህ ያለው ንባብ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ጥናት ልየታውን የጀመረው በልብ ማዳመጫ ነው፤ የኋለኞቹ የተመሠረቱት በልብ አልትራሳውንድ (በተለምዶ «ኢኮ» በሚባለው) ነው። በሞዛምቢክና በካምቦዲያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እነዚያኑ ተማሪዎች በሁለቱም መንገድ መርምሮ፣ በማዳመጫ ከሺህ 2 ያህል፣ በአልትራሳውንድ ግን በካምቦዲያ ከሺህ 21፣ በሞዛምቢክ ከሺህ 30 ማግኘቱን አስታውቋል። ስለዚህ በኛ አገር ተለወጠ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ስለ መሣሪያው ነው፤ በሽታው ቀንሶም እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግረንም። በዚያ ላይ የጅማው ቁጥር «የተረጋገጠ» የሚባለውንና «በድንበር ላይ ያለ» የሚባለውን በአንድነት የያዘ ነው። በድንበር ላይ ካሉት ልጆች የስንቶቹ ሕመም ይብስ ይሆን፣ የስንቶቹስ ሳይታከም ይጠፋ ይሆን? ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ የሚዘጋ ቆጠራ ሊመልሰው አይችልም።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበው ቆጠራው የሚካሄድበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት ለተመራማሪ ምቹ ነው፤ የስም መጥሪያ አለ፣ ክፍል አለ፣ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት በልጁ እጅ ይላካል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ረፋድ ላይ የሚታዩት ሊስትሮዎች፣ ማስቲካና ሶፍት አዟሪዎች፣ ሻንጣ ተሸካሚ ታዳጊዎች ግን በዚያ የስም መጥሪያ ላይ አይገኙም። ከገጠር መጥተው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ ልጆች ናቸው፤ ስትሬፕቶኮከስ ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ የሚሻገረውም በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ነው። ለበሽታው የተጋለጡት ልጆች ከቆጠራው ውጭ ከቀሩ ከሺህ 19 የሚለው ቁጥር የማንን ልጆች ይወክላል? ጥናቶቹ ይህን ጉድለት በመጨረሻው ክፍላቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ማለፍ አይበቃቸውም። የሚቀጥለው ጥናት መነሻ ሊሆን ይገባው ነበር።

በሆስፒታል የሚሠሩት ጥናቶች ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለባቸው። ከደሴና ከደብረ ብርሃን መስመር የመጣ ታማሚ ላምበረት ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በመገናኛ በኩል ታክሲ ቀይሮ ጥቁር አንበሳ ሲደርስ ካርድ ይወጣለታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንድ ከፍተኛ ሆስፒታል ታማሚ ሆኖ ይቆጠራል። ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ? በሬ ሸጠ ወይስ ተበደረ? አብረውት ከታመሙት መካከል የመሳፈሪያ አጥተው የቀሩት ስንት ናቸው? ተመልሶ ሲሄድስ በየአራት ሳምንቱ የሚወስደውን መርፌ ማን ይወጋዋል? የካርድ ክፍሉ ቅጽ እነዚህን አይጠይቅም። በካርድ ላይ የተመሠረተ ጥናትም ካርዱ ያልጠየቀውን ሊመልስ አይችልም።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2006 በላንሴት መጽሔት የወጣው አጭር ጽሑፍ ከብዙ ረጃጅም ጥናቶች ይልቅ ዋጋ አለው። የጠየቀው በኢትዮጵያ ገጠር በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዙት ሰዎች ምን ሆኑ የሚለውን ነው። መልሱ በዓመት ከመቶ 12.5 ይሞታሉ፣ ሲሞቱም አማካይ ዕድሜያቸው 25 አይሞላም የሚል ሆነ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን ከ3 ሺህ 300 በላይ ሕሙማንን የመዘገበው ሬሜዲ የተባለ ጥናትም በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ መሞታቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳውቋል። ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ፤ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 4 አይሞሉም። የጠበበ የልብ በር ላላት ሴት እርግዝና ምን እንደሚያስከትል ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ያም ሆኖ ከላይ የተነሡት የተማሪዎች ቆጠራዎች ስለዚህ የሚሉት የለም፤ ሊሉም አይችሉም።

ኡጋንዳ ከቆጠራ ወደ ሙከራ ተሻግራለች። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ ሕመሙ ገና ምልክት ሳያሳይ በአልትራሳውንድ የተገኘባቸው 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ተወጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት ከመቶ 0.8፣ ካልተወጉት ከመቶ 8.2 ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሲታተም ልየታ ምን ይጠቅማል የሚለው ክርክር መልኩ ተለወጠ። ከእንግዲህ ልጆችን መርምሮ፣ ቁጥሩን አሳትሞ፣ የተገኙትን ሳይከታተሉ መሄድ ከሥነ ምግባር አኳያ ለመከላከል የሚያስቸግር ነው።

ይሁንና መርፌው የራሱ ችግር አለው። የልብ ሕመምተኛ ከተወጋ በኋላ ድንገት ሞተ የሚል ወሬ አንድ ወረዳ ውስጥ ከተሰማ፣ ነርሷ ሌላ ሰው ለመውጋት ትፈራለች፤ መፍራቷም አያስወቅሳትም። ሞቱ የሚመዘገበው፣ ከተመዘገበ፣ በፔኒሲሊን አለርጂ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ግን ከነዚህ ሞቶች አንዳንዶቹ አለርጂ ሳይሆኑ ክፉኛ የተጎዳ ልብ የመወጋትን ሕመምና ድንጋጤ መቋቋም አቅቶት የሚደርሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጾ፣ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። ይህ ለኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ እጅግ አስፈላጊ ጥያቄ ነው። ከመርፌ በኋላ የደረሰ እያንዳንዱን ሞት ልቡ ምን ያህል ተጎድቶ እንደነበረ ጭምር የሚመረምር ሥራ ከአንድ ተጨማሪ የተማሪዎች ቆጠራ ይልቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

ስለ ሌሎቹ የሩማቲክ በሽታዎች የሚባለው አጭር ነው፤ የተሠራው ጥቂት ነውና። ሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይተስ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ናቸው የሚለው አሮጌ አስተያየት መሠረቱ ጥናት ሳይሆን የጥናት እጦት ነበር። በሉፐስ ፊቷ በፀሐይ የተቆጣና ያተኮሳት ሴት «ምች መታት» ተብላ በዳማከሴ ትታሻለች፤ ሆስፒታል ስትደርስም ትኩሳቷና ክሳቷ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን ነው። በአገራችን ስለ እነዚህ በሽታዎች የሚጻፈው በአብዛኛው የአንድ ታማሚ ታሪክ ወይም የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክለሳ ነው። ምች ተብለው ከቀሩት መካከል ስንቶቹ ሉፐስ እንደነበረባቸው ለመገመት እንኳ መነሻ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመላው አፍሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበር ከአፍሪካ ኅብረት ጋር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ያወጣው ሰነድ የከተማዋን ስም ይዞ ይጠራል። በውስጡ ከተዘረዘሩት ሰባት ተግባራት የመጀመሪያው የሕሙማን መዝገብ ማቋቋም ሲሆን፣ ግቡም በሩማቲክ የልብ ሕመም የሚደርሰውን ሞት እስከ 2025 በ25 በመቶ መቀነስ ነበር። መቀነስ አለመቀነሱን ለማወቅ ከመናኸሪያው ወርዶ ካርድ ያወጣው ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ስልክ ቁጥሩን፣ የመጣበትን ቀበሌና በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ስም መያዝ አለበት። ለዚህም በካርዱ ላይ ሦስት መስመሮች መጨመርና በየሦስት ወሩ ስልክ የሚደውል አንድ ሠራተኛ መመደብ ይበቃል።