«መዝጋት» ለሦስት ነገር፦ የተመሰጠረ ግንኙነት ፍጻሜን በሚመለከቱ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ትችት

የሙያ ቃል ዋና ተግባሩ መለየት ነው። ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን በአንድ ስም መጥራት የለመደ ባለሙያ፣ ውሎ አድሮ ድርጊቶቹንም እንደ አንድ ይሠራቸዋል። ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ሁለት ኮምፒዩተሮች በምስጠራ ሲነጋገሩ ቆይተው ንግግራቸውን የሚጨርሱበት አሠራር ነው። በዚህ ረገድ በአማርኛ ሲነገርም ሆነ ሲጻፍ በብዛት የምናገኘው «መዝጋት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ክሎዝ» ቢልም መዝጋት ነው፤ «ሻትዳውን» ቢልም መዝጋት ነው፤ የፕሮቶኮሉ መመሪያ «ክሎዝ ኖቲፋይ» የሚለውም ቢሆን «የመዝጋት ማስጠንቀቂያ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ አንድ ቃል ለተጣለበት ሸክም ይበቃ እንደሆነ ነው። በእኛ አስተያየት አይበቃም፤ ጉድለቱም በቃላት ምርጫ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም።

ሀ. ስያሜ የሚፈልጉት ድርጊቶች

አንድ የተመሰጠረ ግንኙነት በሁለት ደርብ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የታችኛው ደርብ ቲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ሲሆን፣ መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ በ2022 ደግሞ ታድሶ የታተመ ነው። ሥራውም የተላኩትን ባይቶች በቅደም ተከተላቸው ማድረስ ነው። የላይኛው ደርብ ቲኤልኤስ ይባላል፤ እርሱም በታችኛው ደርብ የሚያልፈውን ቃል ይመሰጥራል፤ ቃሉ በመንገድ ላይ አለመለወጡንም ያረጋግጣል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ 1.3 የተባለው እትም በ2018 የወጣ ሲሆን፣ መነሻው ኤስኤስኤል ይባል የነበረው ቀዳሚ ፕሮቶኮል ነው።

እነዚህ ደርቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፍጻሜ አላቸው። ቲሲፒ ንግግሩ ማለቁን የሚገልጽባቸው ምልክቶች ከምስጠራው ውጭ በግልጽ የሚጓዙ ናቸው። ስለዚህም በመንገዱ ላይ የቆመ ሦስተኛ ወገን እነዚህን ምልክቶች አስመስሎ ሊልክና ግንኙነቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ቲኤልኤስ ግን ፍጻሜውን የሚናገረው 2 ባይት ብቻ በሆነች አጭር ማስታወቂያ ነው፤ እርስዋም እንደ ሌላው መልእክት ሁሉ በምስጠራው ውስጥ ታሽጋ ስለምትጓዝ፣ ቁልፉ የሌለው ሰው ሊያስመስላት አይችልም። በኤስኤስኤል ሁለተኛ እትም ይህች ማስታወቂያ አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሦስተኛው እትም ነው ያስገባት።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ንግግሩን ሲጨርስ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንደኛው፣ ምንም ሳይናገር የታችኛውን ደርብ መዝጋት ነው። ሁለተኛው፣ የላይኛውን ደርብ ማስታወቂያ ልኮ የሌላውን ወገን ምላሽ ሳይጠብቅ መዝጋት ነው። ሦስተኛው፣ ማስታወቂያውን ልኮ የሌላው ወገን ማስታወቂያ እስኪደርስ ቆይቶ መዝጋት ነው። በአገራችን ወግ ብንመስለው፣ የመጀመሪያው ሳይሰናበት ከቤት የወጣ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው «ደኅና ዋሉ» ብሎ መልስ ሳይሰማ የሄደ ነው፤ ሦስተኛው ተሰናብቶና ተመርቆ የወጣ ነው። ሦስቱንም «በሩን ዘጋ» ብለን ብንነግር፣ የሰማን ሰው እንግዳው እንዴት እንደወጣ ሊያውቅ አይችልም።

ለ. ልዩነቱ የሚያስከትለው ጉዳት

ልዩነቱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን አንድ የክፍያ ትእዛዝ እንዲህ ተጽፎ ተልኳል እንበል፦ «ለአመልካቹ 1000 ብር ይከፈል። ክፍያው የሚፈጸመው ግን ዋናው ደረሰኝ ሲቀርብ ብቻ ነው።» ምስጠራው አንዲት ፊደል እንኳ ሳትታወቅ እንዳትለወጥ ይከለክላል። ሆኖም በመንገድ ላይ ያለው ሰው ፊደል መለወጥ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያው አራት ነጥብ በኋላ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ማድረግ ይበቃዋል። የደረሰው ክፍል እያንዳንዱ ቃሉ እውነተኛ ነው፤ መልእክቱ ግን ሐሰት ሆኗል። ተቀባዩ ይህን ሊያውቅ የሚችለው የፍጻሜዋ ማስታወቂያ አለመድረስዋን ካስተዋለ፣ ወይም መልእክቱ ራሱ ርዝመቱን አስቀድሞ የተናገረ እንደሆነ ነው። በቀድሞው ኤችቲቲፒ 1.0 ርዝመቱ ያልተነገረ ጽሑፍ መጨረሻው የሚታወቀው በግንኙነቱ መቋረጥ ስለነበር፣ አደጋው በተለይ በዚያ የጎላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ቤን ስሚዝና አልፍሬዶ ፒሮንቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ይኸው ዘዴ በድረ ገጾች ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ተጠቃሚው ከሒሳቡ የመውጫውን ቁልፍ ይጫናል፤ ገጹም መውጣቱን ይነግረዋል፤ ጥያቄው ግን በመንገድ ላይ ተቋርጦ ሰርቨሩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ኮምፒዩተሩን ከብዙ ሰዎች ጋር የሚጋራ ሰው ወጣሁ ብሎ ሲነሣ፣ ሒሳቡ ለሚቀጥለው ተቀማጭ ክፍት ሆኖ ይቆያል ማለት ነው።

ይህን ጥቃት በአማርኛ «ቆረጣ» ብሎ መሰየም ለጊዜው የቀና ይመስላል። ይሁን እንጂ «ቆረጣ» በውትድርና ቋንቋ የጠላትን መስመር መቁረጥን የሚያመለክት የታወቀ ቃል ስለሆነ፣ ስለ መልእክት ጉድለት ሳይሆን ስለ መስመር መበጠስ የተነገረ ያስመስለዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ እርሱም «ቆነጸለ» ነው። የሰውን ንግግር ቆንጽሎ ማቅረብ ማለት እውነተኛውን ቃል ወስዶ ቀሪውን በመተው ትርጕሙን ማዛባት መሆኑን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ድርጊቱን ቁንጸላ፣ ውጤቱን ቁንጽል መልእክት ማለት ይገባል እንላለን።

ሐ. እንግሊዝኛውም ቢሆን

ለስሕተቱ ተርጓሚውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ የተተረጐመበት ቋንቋ ራሱ አልጠራምና። በሰፊው ከሚሠራባቸው የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ኦፐንኤስኤስኤል «ኤስኤስኤል ሻትዳውን» የተባለ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ 1 ሲመልስ የሁለቱም ወገን ማስታወቂያ ተለዋውጧል ማለት ነው፤ 0 ሲመልስ የኛ ተልኳል፣ የነርሱ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች ሲመልስ ሥራው አልተከናወነም፣ ምክንያቱም ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል ማለት ነው። ስሙን ብቻ የተመለከተ ሰው ግን «ዘጋሁ» ብሎ ያልፋል። በሲ ቋንቋ 0 የመሳካት ምልክት ሆኖ ማየት የለመደም ግማሹን ሥራ እንደ ሙሉ ይቆጥረዋል።

የማስታወቂያዋ ምድብም እንዲሁ ያሳስታል። መመሪያው እርስዋን ያስቀመጣት ከከባድ ስሕተቶች ማስታወቂያዎች ጋር በአንድ መዝገብ፣ ቁጥር 0 ሆና ነው። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ትርጕም የመጣው ከዚሁ ነው። ማስጠንቀቂያ በአማርኛ አደጋ መቅረቡን ይናገራል፤ ይህች ግን ሁሉ ነገር በሰላም መፈጸሙን የምትናገር ናት። እውነተኛው አደጋ እርስዋ የቀረች ጊዜ ነውና፣ ስሙ ነገሩን ገልብጦታል።

መ. «ሲንክሮነስ» እና የ«ጠበቀ» ችግር

ሁለተኛው አከራካሪ ስያሜ «ሲንክሮነስ» ለሚለው የሚሰጠው «በተመሳሳይ ጊዜ» ወይም «የተመሳሰለ» የሚለው አቻ ነው። በአንድ ሰዓት ምት ለሚሠሩ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ይህ ትርጕም ተቃውሞ የለብንም። በፕሮግራም ጽሑፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ትእዛዝ ሲንክሮነስ ነው የሚባለው፣ የጠራውን ፕሮግራም ሥራው እስኪፈጸም ባለበት የሚያቆየው ሲሆን ነው። «በተመሳሳይ ጊዜ መዝጋት» ያልነው ተማሪ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቅጽበት የሚዘጉ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንደኛው ከተናገረ በኋላ ቆሞ ሌላውን መጠበቁ ነው።

በዚህ መቆም ውስጥ የሚደበቅ አደጋ አለ። ለምሳሌ «ቡስት ኤሲዮ» በተባለው የሲ ፕላስ ፕላስ ቤተ መጻሕፍት ሲንክሮነስ የሆነው የፍጻሜ ትእዛዝ ማስታወቂያውን ከላከ በኋላ የሌላውን ወገን ምላሽ ይጠብቃል። ሌላው ወገን ዝም ካለ ፕሮግራሙ ያለ ገደብ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ የሥራ ክር በሚመድብ ሰርቨር 100 ዝምተኛ ደንበኞች 100 ክሮችን ይዘው ያስቀራሉ። ይህን ያየ ፕሮግራመር ተማርሮ ወደ መጀመሪያው አሠራር ይመለሳል፤ ሳይሰናበት ይዘጋል፤ በዚህም ለቁንጸላ በሩን ይከፍታል። ተገቢው መፍትሔ ግን መጠበቅን በጊዜ መወሰን ነው፤ በተወሰነው ጊዜ ምላሽ ካልመጣ መዝጋት፣ መልእክቱም ርዝመቱን የማይናገር ከሆነ የደረሰውን ሙሉ ነው ብሎ አለመቀበል።

እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን የሚመለከት አንድ እንቅፋት እናገኛለን። «ጠበቀ» በአማርኛ መቆየትንም፣ መከላከልንም ያመለክታል። «የተጠበቀ ግንኙነት» ስንል ከጥቃት የተከለለ ማለታችን ነው፤ «ያልተጠበቀ እንግዳ» ስንል ግን ይመጣል ያልተባለ ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኦፐንኤስኤስኤል 3.0 ማስታወቂያ ሳይደርስ የተቋረጠ ግንኙነትን ራሱን በቻለ የስሕተት ስም መጥራት ጀምሯል፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልተጠበቀ ፍጻሜ» ይሆናል። አንባቢው «ሳይታሰብ የመጣ» ይበለው ወይስ «ጥበቃ የሌለው»? በአጋጣሚ ሁለቱም ትርጕም ለነገሩ ይስማማል፤ የሙያ ቃል ግን በአጋጣሚ ሊደገፍ አይገባም። በዚህ ምክንያት በዚህ ርእስ «የተጠበቀ» የሚለውን ትተን «የተመሰጠረ ግንኙነት» ማለትን መርጠናል፤ ስሕተቱንም «ያልታወጀ ፍጻሜ» ማለት ይሻላል እንላለን።

ሠ. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

«ስንብት» የሚለው ቃል ለነገሩ ሁሉ የሚበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን ስንብት በባሕርዩ የሁለት ወገን ነው፤ ቲኤልኤስ 1.3 ደግሞ የአንድ ወገን ፍጻሜን ከሌላው ለይቶታል። ከ1.3 በፊት በነበሩት እትሞች ማስታወቂያው የደረሰው ወገን ያልላከውን ቃል ጥሎ ወዲያው ምላሽ እንዲሰጥ ግዴታ ነበረበት። በ1.3 ግን አንዱ «እኔ ጨርሻለሁ» ማለቱ ሌላውን ዝም አያሰኘውም፤ እርሱ ቃሉን እስኪጨርስ መናገር ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ማስታወቂያ በሁለቱ ስንብት ስም መጥራት ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1. መዝጋት፦ የታችኛውን ደርብ ሶኬት መዝጋት ብቻ።
2. የፍጻሜ ማስታወቂያ፦ አንድ ወገን መናገሩን መጨረሱን በምስጠራው ውስጥ የሚገልጽበት መልእክት። «ማስጠንቀቂያ» አይባልም።
3. ስንብት፦ የሁለቱም ወገኖች የፍጻሜ ማስታወቂያ መለዋወጥ። አንዱ ብቻ የላከ እንደሆነ «ከፊል ስንብት»።
4. ቁንጸላ፦ የፍጻሜ ማስታወቂያ ሳይደርስ መልእክትን በማቋረጥ የሚፈጸም ጥቃት።
5. አቆይ ትእዛዝ፦ ሥራው እስኪፈጸም የጠራውን የሚያቆይ። ተቃራኒው፣ የጠራውን ወዲያው ለቆ ውጤቱን በኋላ የሚያስታውቀው፣ «ለቃቂ ትእዛዝ»።

«ስንብት» ከሥራ መሰናበትንም ስለሚያመለክት ያደናግራል የሚሉ ይኖራሉ። የሥራ ስንብትና የግንኙነት ስንብት በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ ዐውዱ ይለያቸዋል ብለን እናምናለን። «አቆይ» እና «ለቃቂ» ለጆሮ እንግዳ መሆናቸውን አንክድም፤ ሆኖም ትእዛዙ በጠሪው ላይ የሚያደርገውን ስለሚናገሩ፣ ስለ ጊዜ መመሳሰል ከሚያወራው አቻ ይሻላሉ።

የእነዚህ ስያሜዎች መፈተኛ በሥራ ላይ ሲውሉ ነው። አንድ ባለሙያ ለባልደረባው «ፕሮግራሙ ከፊል ስንብት አድርጎ ዘግቷል፤ አቆይ ትእዛዙም የጊዜ ገደብ የለውም» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ተቀባዩ ኮዱን ሳይከፍት ጉድለቱ የት እንዳለ ካወቀ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። «ዘግቷል» ብቻ ቢለው ግን ሁሉን ከመጀመሪያው መመርመር ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የተሻለ ስያሜ ያላቸው፣ ወይም ባቀረብነው ላይ እንከን ያገኙ አንባብያን፣ ቃሉን ከነምክንያቱ ቢልኩልን ከምስጋና ጋር እንቀበላለን።