«መርዙ እየወጣ ነው»

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ነው ይባላል። እኔም ባለፈው ኅዳር በዚሁ ከተማ ብርሃን አይቻለሁ። የኔው ግን ከሰማይ አልመጣም። ማለዳ ከአልጋዬ ብድግ ከማለቴ ዐይኔ ፊት አንዳች ነጭ ነገር ቦግ አለ፤ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የቁም ሣጥኑን እግር ነው። ባለቤቴ ደርሳ ስታነሣኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ «ምንም አይደለም፤ መርዙ እየወጣ ነው» የሚል ነበር።

ይህችን ዐረፍተ ነገር እኔ አልፈጠርኳትም። ከየት እንዳመጣኋት ልንገራችሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎ፣ የደሜ ስኳርም «ድንበሩ ላይ ነው» ተብዬ፣ ጠባሴ አካባቢ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሻይ እየጠጣሁ አማረርኩ። ወዳጄ በአምስት ወር ዐሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሶ ሸሚዙ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ሆኗል። ከኮቱ ኪስ ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አወጣና፣ «መምህር፣ አንብብና ትመልስልኛለህ፤ ወረፋ የያዘ ሰው አለ» አለኝ። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ሲዞር ጠርዙ ተበልቷል። እንዲህ ይላል፦ እንጀራ ተው። ዳቦ ተው። ቆሎ ተው። በሶ ተው። ድንች ተው። ሽሮና ምስር ተው። ጨው ተው። የተፈቀደም አለ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ አቮካዶ።

እስቲ አስቡት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር የደጋ ሰው ገብስ ተው ማለት ምን ማለት ነው? «ገብስ የእህል ንጉሥ» ተብሎ በሚተረትበት አገር፣ ቂጣው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ፣ ጠላው ገብስ በሆነበት ቤት ውስጥ ንጉሡን ከዙፋኑ አውርጄ ጎመን አነገሥኩ። የጀመርኩት ሰኞ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜም ሰኞ ነው የሚጀመረው።

በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቱ መጣ። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ባቴን ይጨመድደኝ ጀመር። ሆዴ ደረቀ። አፌ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ብርዱን አትጠይቁኝ፤ ሁለት ጋቢ ደርቤም ይንዘፈዘፈኛል። ግን እዚህ ከተማ ኅዳር ላይ ውርጭ የማይመታው ማን አለ? «ብርዱ ነው» አልኩ። ጠባዬም ተበላሸ፤ ዜና ከሚያነበው ሬዲዮ ጋር ተጣልቻለሁ። ለባለቤቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ወረቀቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ አስቀድሞ መልስ ሰጥቶኛላ፦ «ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም ቢሰማህ አትደንግጥ፤ መርዙ እየወጣ ነው። በርታ።»

በረታሁ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። ወረቀቱ ሥጋና እንቁላል ብላ፣ እህል አትብላ ይላል። ጾሙ ሥጋና እንቁላል አትብላ፣ እህል ብላ ይላል። ሁለቱንም አከብራለሁ ላለ ሰው የሚቀረው ጎመን፣ አቮካዶና ውኃ ነው። አቮካዶው ደግሞ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነውና ዋጋውም እንደ መንገዱ ነው። ጾሙ በገባ በስምንተኛው ቀን የቁም ሣጥኑን እግር ተዋወቅሁ።

የሚያሳፍረኝ መውደቄ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለተማሪዎቼ አንድ ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ ከማመናችሁ በፊት ጠይቁት እል ነበር። ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ምንስ ዘሎ አለፈ? ልቦለድ ሲሆን ይህን ሁሉ እጠይቃለሁ። ገላዬን አሳልፌ የሰጠሁት ጽሑፍ ግን አንድም ጥያቄ አላየም። እንግዲህ ሒሱ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው።

መጀመሪያ ነገር ተናጋሪ የለውም። ስም የለ፣ ሙያ የለ፣ ዘመን የለ። ይህ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ባሕርይ ነው እንዳትሉኝ፣ የአባቱን ታሪክ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ሬሳ ሣጥን ሠሪና ቀብር አስፈጻሚ ስለ ውፍረቱ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተዉ ካሉት ጽሑፎች በሰፊው የታወቀችው የመጀመሪያዋ እርስዋ ናት ማለት ይቻላል። ሰውየው ግን ዕድሜዬ 66 ነው፣ ክብደቴ 202 ፓውንድ ነበር (92 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው)፣ ጆሮዬን አሞኝ ሄጄ ምክሩን የሰጠኝ ሐኪም ነው እያለ ይተርካል። አንባቢው ቢያንስ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል። እህልን እጅግ ቆርጦ በስብ መኖርንም ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ዶክተር ራስል ዋይልደር ሐሳቡን ያቀረቡት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን ነው፤ እየተለካ፣ በሐኪም ዐይን ሥር የሚሰጥ ሕክምና ሆኖ። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ተው የሚለውን ይዞ፣ ሐኪሙን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ።

ሁለተኛ፣ ለማን እንደሚናገር አያውቅም። «አንተ» ይላል፤ ያ «አንተ» ዕድሜ የለውም፣ ሕመም የለውም፣ ኪኒን አይውጥም፣ ጾም አይጾምም። እኔ ግን የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል፤ ያውም ሽንት የሚያሸናውን ዓይነት። በወደቅሁ ዕለት የመረመሩኝ ሐኪም ነገሩን በወረቀት ጀርባ እየሣሉ አስረዱኝ። ሰውነት ከእህል ያገኘውን ስኳር ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲያከማች ውኃ አብሮ ይይዛል። እህል ድንገት ሲቋረጥ ያ ክምችት ያልቃል፤ ውኃውም ይሄዳል። ኩላሊትም በዚያው ሰሞን ጨው አብዝቶ ያስወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚያስፈነድቀን ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነው። በዚህ ላይ ኪኒኑ ውኃና ጨው ያስወጣል። በዚህ ላይ ወረቀቱ ጨው ተው ይላል። ሦስቱ ተባብረው ግፊቴን ወለል ላይ አወረዱት፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። «ጋሼ፣ ቢያንስ ሲጀምሩ ቢነግሩን ኪኒኑን እናስተካክል ነበር» አሉኝ። የግፊቱ ይኸው ነው። ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒን ለሚውጥ ሰው ግን ነገሩ ይብሳል፤ መድኃኒቱ በድሮው ልክ እየገባ እህሉ ከቀረ ስኳሩ ወርዶ ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል።

ሦስተኛው ሰዋስው ነው። ወረቀቱ ውስጥ ያለው ግስ ሁሉ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። «ተው፣ ብላ፣ በርታ።» አንድ «ከሆነ»፣ አንድ «ካልሆነ ግን» ፈልጌ አጣሁ። ፍትሐ ነገሥት እንኳ ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ከግዴታው ያነሣል። ጾም የሚያውቅ ሕዝብ እኮ ነን፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ባለበት አገር መከልከል አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጾማችን የሚገባበት ቀን አለው፣ አብሮ የሚጾም ጎረቤት አለው፣ የሚጠየቅ የንስሐ አባት አለው፣ ፍቺም አለው። ወረቀቱ ፍቺ የለውም፤ ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱልኝ።

ከሁሉ የከፋችው ግን ያች የሦስተኛ ገጽ ዐረፍተ ነገር ናት። ቀለል ካለህ አመጋገቡ ሠራ ማለት ነው። ካመመህ መርዙ እየወጣ ነው፤ ያም ሠራ ማለት ነው። ከወደቅህ ብዙ መርዝ ነበረብህ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በምን ይረታል? የኔ ዕድሜ ሰዎች ይህን አነጋገር እናውቀዋለን። ልጆች ሳለን ሰልፉ ሲበዛ፣ ዳቦው ሲጠፋ «የለውጥ ምጥ ነው» ይሉን ነበር። ምጥ ከሆነ ልጅ ይወለዳላ! መርዝ ከሆነም ስም ይኑረው። የትኛው መርዝ? በየት በኩል ነው የሚወጣው? ሰውነት ቆሻሻውን የሚያጣራባቸው ጉበትና ኩላሊት ፎቶ ኮፒ ሳይጠብቁ ሌት ተቀን ይሠራሉ። እኔ ዘንድ ሲወጣ የሰነበተው ውኃና ጨው ነበር።

መከልከል የሚያመጣው ምልክት ደግሞ ምሥጢር አይደለም፤ ተመዝግቧል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አንስል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀንሰው አጠኗቸው። ሰዎቹ ይበርዳቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፤ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔም በሁለተኛው ሳምንት ለጋዜጣ ልጽፍ ተቀምጬ፣ ሳላስበው ሙሉ ገጽ ስለ ጭኮ ጽፌ ነበር።

ሳቁን ግን ቆም እናድርገው። በእኛው አገር የተከለከለ ምግብ ሌላ ታሪክም አለው። ዝናብ ሲጠፋ ስንዴውና ምስሩ ይከዳሉ፤ ጓያ ግን ድርቁን ተቋቁሞ ይበቅላል። ጥቂቱ፣ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ ብዙ አያሰጋም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን ውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግርም አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ይህንኑ ነው። ያ ገበሬ እግሩ ሲከብደው ምልክቱን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፤ ጎተራው ውስጥ ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። እኔ ግን ጎተራዬ ሙሉ ሆኖ፣ ሐኪም ቤት በእግር በሚደረስበት ከተማ እየኖርኩ፣ ጆሮዬን በሦስት ገጽ ወረቀት ደፈንኩ። ማን ነው ምስኪኑ?

ለወረቀቱም ፍትሕ ይገባዋል። ሁሉም ውሸት አይደለም። ሻይዬ ውስጥ የማንቆረቁረው ስኳርና የፉርኖ ዳቦው መቀነስ ነበረባቸው፤ ውፍረት መቀነስም ለስኳር ይበጃል። ጥፋቱ የፉርኖ ዳቦንና የገብስ ቂጣን አንድ ላይ መኮነኑ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው የሚያሟልግ አሠር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ንጉሡን ያወረድኩት በሐሰት ክስ ነው ማለት ነው። ሌላም አለ። ከዓመት በፊት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶት ሳለ፣ ተራዬ ደርሶ የተሰጠኝ ምክር በሙሉ «እንጀራ ቀንስ» የሚል ነበር። በምን ያህል? በምን ልተካው? ቢያዞረኝስ? የሚያስረዳ ሰው ጊዜ ሲያጣ ፎቶ ኮፒ ቦታውን ይይዛል። ወረቀቱ የተሰማራው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

አሁን እንዴት ነህ ትሉኝ ይሆናል። ኪኒኔን ሐኪሙ አስተካከሉት፤ እኔ በራሴ አልነካሁትም። ሽሮዬና የገብስ ቂጣዬ ተመልሰዋል፤ ጨውም በልኩ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጬ እነሣለሁ፤ ማታ ደግሞ እሄዳለሁ። ኪሎው ቀስ እያለ ይወርዳል። መለስተኛ ራስ ምታት ወይም የሆድ ድርቀት ቀን ሰጥቶ የሚታይ ነገር ነው ብለውኛል። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የማያቋርጥ የልብ ምት፣ ትውከት፣ መቀባዠር ግን አንድ ቀንም አያሳድርም፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላብ ላብ ብሎት ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ቀምሶ ሐኪም ጋ መሮጥ አለበት። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ረጅም ሳቅ ሳቁና፣ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችህን ጾም ማን አዘዘህ?» አሉኝ። «ስሙ አልተጻፈም፣ አባ» አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። ወረፋ የያዘችው ጎረቤቱ ናት፤ ኢንሱሊን የምትወጋ እናት። አልሰጠውም አልኩት። «አንተ ስላልተስማማህ ሰው አይዳን?» ብሎ ተቆጣ። ሴትዮዋ ቤት ራሴ ሄጄ፣ ከሐኪምሽ ሳትማከሪ አንዲት ጉርሻም እንዳትቀንሺ ብያት መጣሁ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ዳር ዳሩን እንደ ተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ ሞልቼዋለሁ።

ወዳጄ አኩርፎኛል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ግድ የለም። መርዙ እየወጣለት ነው።