ጀግናው ከክፍሉ ሲወጣ

የድሬዳዋ የከሰዓት ሙቀት ሰውን ቤት ሲያስገባ ብዙ ወጣት ስልኩ ላይ አኒሜ ይከፍታል። ከሚከፈቱት አንዱ «ሃረም ፋንታሲ» የሚባለው ነው፤ ተራ ልጅ አስማት ዓለም ይገባና ቆነጃጅት ይከቡታል። ዘውጉን እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም አንዱ ካንዱ የማይለየው ግልባጭ ሲበዛ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የምመለከተው ጀግናው ከክፍሉ ሲወጣ ሴቶቹ የሚያወሩትን ነው። ወሬያቸው እሱ ብቻ ከሆነ ሥራው አልቆለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴሌቪዥን የቀረበው «ኮኖሱባ» ውስጥ ሜጉሚን የምትባል ጠንቋይ አለች፤ ልቧ ያለው ፍንዳታ ላይ ነው። በቀን አንዴ ብቻ የምትችለውን አስማት ትለቅና አቅሟ ተሟጦ መሬት ላይ ትዘረጋለች። ሌላ አስማት ተማሪ ቢሏት አሻፈረኝ ትላለች። ጀግናው ካዙማ ባይኖርም እሷ ያው ሜጉሚን ናት። አስማቷ ዋጋ ያስከፍላታል፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚሁ ግትርነቷ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ። ይሄ ለድሬ ልጅ ይቀለዋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ የሚሄድ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሲቀላቀል እየሰማ ያደገ ነው፤ ተናጋሪውን ፊቱን ሳያይ ይለያል። አቦ፣ ይህን ጆሮ ተጠቀሙበት! ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጃፓንኛውን ስሙ። ማን እንደተናገረች ካልታወቀ ደራሲው ሴቶቹን የለያቸው በፀጉር ቀለም ብቻ ነው። ከዘውጉ ፈር ቀዳጆች አንዱ በሆነው «ቴንቺ ሙዮ» (1992) የሽፍታዋ የርዮኮ ሻካራ አነጋገርና የልዕልት አየካ የቤተ መንግሥት ወግ በጭራሽ አይምታቱም።

ካሜራው ከሴቷ ፊት ይልቅ ገላዋን የሚያሳድድ ከሆነ ግን ብዙ አትድከሙ። ልጅነት ያልለቀቃቸውን ገጸ ባሕርያት ለዚህ የሚያውል ሥራ ወዲያው ይዘጋ።

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ ነው። ደካማ ደራሲ ጀግናው እንዳይመርጥ በየክፍሉ ሰበብ ይፈጥርለታል። «ሪ ዜሮ» የተባለው አኒሜ ይህን አላደረገም። ጀግናው ሱባሩ ተስፋ ቆርጦ ሁሉን ጥሎ ለመሸሽ ሲነሳ ሬም የምትባል ልጅ እንደምትወደው በሙሉ ልቧ ትነግረዋለች፤ እሱ ግን የሚወደው ሌላዋን ልጅ ኤሚሊያን እንደሆነ ፊት ለፊት ይመልስላታል። ሬምም እያለቀሰች ታበረታታዋለች። ያ ትዕይንት የሚዘልቀው አንዲት ሴት በእውነት ስለተጎዳች ነው።

ሃረምን ከሥሩ ያየው ግን በ2023 የጀመረው «የመድኃኒት ቀማሚዋ ማስታወሻ» ይመስለኛል። አስማት የለበትም፤ አገሩ ምናባዊ፣ ሃረሙም የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ባለታሪኳ ማኦማኦ የእልፍኙን ሕፃናት የሚገድለው እናቶቻቸው የሚቀቡት የእርሳስ ማዕድን ያለበት የፊት ዱቄት መሆኑን ትደርስበታለች። ቁንጅና፣ ሥልጣንና ሞት በአንድ የመኳኳያ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ። ለዘውጉ አዲስ የሆነ ሰው ካለ ከዚህኛው ይጀምር፤ ለሳቅ ከሆነ ደግሞ ከ«ኮኖሱባ»።