ሰሌዳው ላይ ያልተጻፉት

«ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» የተባለውን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። ያኔ የወደድኩትን ትዕይንት እስካሁን አልረሳሁትም። ጃፓኖች ድልድዩን የጀመሩት የማይሆን ቦታ ላይ ነው፤ ሥሩ ጭቃ ነው። የተማረኩት የእንግሊዝ መኮንኖች ተሰብስበው ቦታውን ይቀይራሉ፣ ሥራውን እንደ አዲስ ያከፋፍላሉ፣ የቀኑን ኮታ ይጨምራሉ። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብዬ ነበር። ለማን እየሠሩ እንደሆነ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ፊልሙም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ዴቪድ ሊን በ1957 እ.ኤ.አ. ከፒየር ቡል ልብ ወለድ ተነስቶ በሠራው በዚህ ፊልም፣ አሌክ ጊነስ የሚጫወተው ኮሎኔል ኒኮልሰን ለጠላት የሚሠራውን ድልድይ ከጠላት በላይ ይወደዋል። የሙያ ኩራት ሰውን እንዴት እንደሚያሳውር ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ ፊልም የለም። ሰባት ኦስካር አልበዛበትም።

በቅርቡ ደግሜ ሳየው ግን ዓይኔ አንድ ሰሌዳ ላይ ቀረ። ድልድዩ ሲያልቅ ኒኮልሰን የሚያሰቅለው ሰሌዳ ነው፤ ነድፈው የሠሩት የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች መሆናቸውን ይናገራል።

እውነተኛው ታሪክ ሌላ ነው። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ ለጦሯ ስንቅ በባሕር መላክ ለጠላት ሰርጓጅ መርከቦች ያጋልጣት ነበር። ስለዚህ ታይላንድን ከበርማ የሚያገናኝ 415 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በጫካና በተራራ መሃል ዘረጋች። ሥራው በኦክቶበር 1943 አለቀ። ከ60,000 በላይ የጦር ምርኮኞች ሠሩበት፤ ከ12,000 በላይ ሞቱ። ፊልሙ አለስልሶም ቢሆን ይሄን ይነግረናል።

የማይነግረን ስለ «ሮሙሻ»ዎቹ ነው፦ ከማሌያ የጎማ እርሻዎች የመጡ ታሚሎች፣ በርማውያን፣ ጃቫውያን። ከምርኮኞቹ በእጥፍ የሚበልጡ ነበሩ። የሟቾቻቸው ግምት ይለያያል፤ እስከ 90,000 ይደርሳል። ጥሩ ደሞዝና አጭር ውል ተብለው የሄዱ አሉ። ፈቃደኛ ሲጠፋ ደግሞ ያው እኛ የምናውቀው አፈሳ መጣ። ምርኮኞቹ መካከል የጦር ሐኪሞች ነበሩ። ኮሌራ ሲገባ አብዛኞቹ ሮሙሻዎች የራሳቸው ሐኪም አልነበራቸውም።

መላውን ሐዲድ ካሰብን እንግዲህ ሰሌዳው ሁለቴ ይዋሻል። የነደፉት የጃፓን መሐንዲሶች ናቸው፤ ፊልሙ እንደሚያሳየው ሥራ የማያውቁ አልነበሩም። በብዛት የሞቱበት ደግሞ እስያውያን ናቸው።

«አንድ ፊልም ሁሉን ማሳየት አለበት እንዴ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። የለበትም። ግን የኒኮልሰን የመጀመሪያ ፀብ ምን ላይ እንደሆነ አስታውሱ። መኮንን የጉልበት ሥራ አይሠራም ብሎ የጄኔቫን ስምምነት መጽሐፍ ያወጣል፤ ሳይቶ በዚያው መጽሐፍ በጥፊ ይመታዋል። ድራማው የሚነሳው ሰውየው የሚያወጣው መጽሐፍ ስላለው ነው። ሮሙሻው የሚያወጣው መጽሐፍ፣ የሚያስከብረው ማዕረግ አልነበረውም። አንድ ሮሙሻ ብቻ እዚያ ካሜራ ፊት ቢቆም የኒኮልሰን ጥያቄ ይቀየራል። «ጥሩ አድርጌ ልሥራ ወይ?» የነበረው «ስናፈጥነው ስንት ሰው ይሞታል?» ይሆናል። ይሄን ጥያቄ ደግሞ ፊልሙ የሚሸከመው አይመስለኝም።

ታይላንድ ካንቻናቡሪ ያለው እውነተኛው ድልድይ ብረት ነው፤ የተመታውም ከአየር ነው። ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ሜ ክሎንግ ነበር። ፊልሙን ያዩ ቱሪስቶች «ክዋይ የታለ?» እያሉ ሲመጡ፣ በ1960ዎቹ ያ የወንዙ ክፍል ክዌ ያይ ተባለ። ዶክመንቴሽኑ ተሳስቶ ኮዱን ማስተካከል በሉት። እዚያው ከተማ ወደ 7,000 የሚጠጉ ምርኮኞች በእንክብካቤ የተያዘ መቃብር አላቸው። የሮሙሻዎቹ አብዛኛው መቃብር ምልክት የለውም።

የሚገርመው፣ የፊልሙ ጸሐፊዎች ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰንም ስማቸው ተሰርዞ ነበር። በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ስለገቡ ኦስካሩ ለቡል ተሰጠ። በ1984 ስማቸው ተመለሰ። የተመለሰው ማን እንደጻፈው የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው።

ፊልሙን እዩት፣ አሁንም እወደዋለሁ። ሰሌዳው ጋ ስትደርሱ ግን ለአፍታ አቁሙትና አንብቡት።