ፍላጻው ከጀርባ አይመዘዝም፦ የሳሙራይ ፊልሞችና ጌሞች የሚሳሳቱት ነገር

የሳሙራይ ፊልም አይታችሁ ወይም ጌም ተጫውታችሁ ከሆነ ይህን ትዕይንት ታውቁታላችሁ። ተዋጊው እጁን በትከሻው አሻግሮ ከጀርባው ካለው ኮረጆ ፍላጻ ይመዛል፤ ቀስቱ ላይ ደግኖ ይለቃል። ያምራል። እኔ ግን ምህንድስና ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ክንዱ እንዴት በቃው?

እስቲ ሞክሩት። የጃፓን የጦር ፍላጻ ርዝመት ወደ 90 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ያን ያህል ዱላ ጥልቅ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ጀርባችሁ ላይ አንግቱት፤ ከዚያ ከላይ ይዛችሁ ሳቡት። ክንዳችሁ እስከ መጨረሻው ቢዘረጋም የዱላው ታችኛ ጫፍ ገና ቦርሳው ውስጥ ነው። ቦርሳው አጭር ይሁን ካላችሁ ደግሞ ጎንበስ ስትሉ ዱላው ይወድቃል። ፈረስ ላይማ አስቡት! በዚያ ላይ የሳሙራይ የራስ ቁር ማጅራት የሚሸፍን ሰፊ ክፋይ አለው።

የጃፓን ባለሙያዎች ችግሩን የፈቱት መያዣውን ወደ ቀኝ ወገብ በማውረድ ነው። ኤቢራ ይባላል። ከታች ትንሽ ሣጥን አለው፤ በውስጡ ያለው ርብራብ የፍላጻዎቹን ሹል ጫፍ ለያይቶ ይይዛል። ላይኛው ክፍላቸው በገመድ ይታሰራል። ስለዚህ ፈረሱ ቢጋልብም አይወድቁም። ተዋጊው ፍላጻውን ዝቅ ብሎ ከጫፉ አጠገብ ይይዝና ትንሽ ከፍ አድርጎ ከርብራቡ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ታች ይስበዋል። ክንዱን ወደ ላይ መዘርጋት አያስፈልገውም። በቃ!

ኤቢራ ግን ክፍት ስለሆነ ዝናብ ያስገባል። የፍላጻን ጭራ ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ላባው ነው፤ ላባው ከራሰ አቅጣጫው ይበላሻል። ለዚህ መፍትሔው ኡጹቦ የሚባለው ዝግ መያዣ ነው። አንዳንዱ ከውጭ በእንስሳ ፀጉር ይሸፈናል፤ ፍላጻው የሚወጣውም ከታች ባለው ቀዳዳ ነው። ያዙጹ የሚባለው ረጅም ቱቦ ደግሞ ዛሬ የኪዩዶ ስፖርተኞች ፍላጻ የሚያጓጉዙበት ነው።

ጌም ሠሪዎች ምክንያት አያጡም። ካሜራው ከተጫዋቹ ጀርባ ስለሆነ ኮረጆው እንዲታይ ይፈልጋሉ። ይህ ክርክር ግን አያስኬድም፤ የኤቢራ ላባዎችም እኮ ከቀኝ ትከሻ ኋላ ብቅ ብለው ይታያሉ። በ1274 እና በ1281 ሞንጎሎችን የተዋጋው ታኬዛኪ ሱዌናጋ ያሠራውን ሥዕላዊ ጥቅልል ተመልከቱ፤ ላባው ከኋላ፣ መያዣው ወገብ ላይ ነው። ምናልባት ስህተቱ የመጣው ላባውን ብቻ ከማየት ይሆናል።

"ጌም ነው፣ ምን አለበት?" ትሉ ይሆናል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ኮረጆውን ጀርባ ላይ ስንሰቅለው ስማቸው ያልተጻፈ የእጅ ባለሙያዎችን ብልሃት አብረን እናጠፋለን። ቀጣዩን ፊልም ስታዩ ሰይፉን ተዉትና ወገቡን እዩ።