የመርከበኞች ዝለትና መመሪያው ያለፈው ጉዳይ

ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን ስለ መርከበኞች ዝለት የሚናገር መመሪያ በ2019 አሻሽሎ አሰራጭቷል። አዲሱ ሰነድ በ6 ክፍሎች የተዋቀረ ሲሆን ስለ ዝለት ምንነት፣ ስለ መርከብ ድርጅቱ፣ ስለ መርከበኛው፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ መርከብ ንድፍና ስለ ተቆጣጣሪ መንግሥታት ድርሻ በየተራ ያትታል። በሳይንስ ረገድ የሚነቀፍበት ነገር እምብዛም የለም። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልገው፣ ካፌይን ዝለትን ለጊዜው ከመሸፈን በቀር እንደማያስወግድ፣ የእንቅልፍ ዕዳ የሚከፈለውም በእንቅልፍ ብቻ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል።

ጉድለቱ የሚታየው ከምርመራው ወደ ሕክምናው ሲያልፍ ነው። በ2006 የጸደቀው የማሪታይም ሥራ ስምምነት የዕረፍት ጊዜ በ24 ሰዓት ከ10፣ በ7 ቀን ደግሞ ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል። አሥሩ ሰዓት ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ አንደኛው ግን ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። ቁጥሩ ሲነበብ ርኅራኄ ያለበት ይመስላል። ሳምንት ግን 168 ሰዓት ነውና 77 ሲቀነስለት 91 ይቀራል፤ ይህን የዕረፍት መለኪያ በመረጠ አገር መርከበኛው ይህን ያህል ሰዓት ቢሠራ ሕግ ተጣሰ አይባልም። ከዚህም በላይ ሕጉ የሚቆጥረው ዕረፍትን እንጂ እንቅልፍን አይደለም። 6 ሰዓት ሠርቶ 6 ሰዓት የሚያርፍ ሰው በዚያችው ዕረፍት ይበላል፣ ይታጠባል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል፤ የሚተኛው በተረፈችው ጊዜ፣ ያውም በሞተር ድምፅና በማዕበል መካከል ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ገደማ፣ የሰውነት ንቃት እጅግ በሚቀንስበት ጊዜ፣ መርከቧን ብቻውን ሊጠብቅ ይችላል። የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሐኪም ወይም ነርስ ይህን ሰዓት ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ሚያዝያ 3 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ታይቷል። ሼን ኔንግ 1 የተባለችው የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ከግላድስቶን ወደብ በወጣች በሰዓታት ውስጥ መታጠፍ የነበረባትን ቦታ አልፋ ከታላቁ የኮራል ሪፍ ክልል ውስጥ መሬት ነካች። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እንዳረጋገጠው ተረኛው ዋና መኮንን ጭነቱን ሲቆጣጠር ቆይቶ ነበርና ከአደጋው በፊት በነበሩት 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው 2 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? መመሪያው የደከመ ሰው የራሱን ድካም በትክክል መመዘን እንደሚሳነው ያስተምርና፣ ጥቂት ገጾች ራቅ ብሎ መርከበኛው ድካሙን ራሱ ለይቶ ለአለቃው እንዲያሳውቅ ይመክራል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የዕረፍት መዝገቡም ቢሆን አያስተማምንም፤ የዓለም የማሪታይም ዩኒቨርሲቲ በ2020 ያወጣው ጥናት መዝገቡን ከሕጉ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል በመርከቦች ላይ የተለመደ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የሚሆነው መርከበኞች በተፈጥሯቸው ሐሰተኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ሥራው ለሠራተኛው ቁጥር ሲበዛ ሊስተካከል የሚችለው መዝገቡ ብቻ ስለሆነ ነው። ሰነዱ በቂ የሰው ኃይል እንዲመደብ ያሳስባል፤ ግን ስንት ሰው እንደሚበቃ አይወስንም፣ ምክሩም አስገዳጅ አይደለም። ስለ መኝታ ክፍል ድምፅና ብርሃን ያን ያህል የደከመ ሰነድ በዚህ ላይ ቁጥብ መሆኑ ያስገርማል።

ሌላው ክፍተት የጤና ባለሙያውን በቀጥታ ይነካል። ከ6ቱ ክፍሎች አንዱም ለመርማሪ ሐኪም የተጻፈ አይደለም። ኢትዮጵያ የራሷ የንግድ መርከቦች አሏት፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች የሚቀጠሩ መሐንዲሶችም አሉ። መርከበኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተመርምሮ ብቁ የሚባልበት የምስክር ወረቀት ቢበዛ 2 ዓመት ያገለግላል። ዐይኑና ጆሮው፣ የደም ግፊቱም ይለካል። በመጨረሻው ጉዞ በስንት ሰዓት ፈረቃ እንደሠራ፣ ባንድ ጊዜ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ሲተኛ ያንኮራፋ እንደሆነ፣ ነቅቶ ለመቆየት ምን እንደሚወስድ ለመጠየቅ ግን 5 ደቂቃ ይበቃል፤ መርማሪው አዲስ መሣሪያም የመመሪያውን ቀጣይ ማሻሻያም መጠበቅ አያስፈልገውም።